የደብረ ብርሃን አሮጌ ግድግዳ፦ በሲሚንቶ ይለሰን ወይስ አይለሰን?

አንድ ግንበኛና አንዲት መሐንዲስ የሚከራከሩበት ቤት እስከ መስኮቱ ደፍ በጥቁር ድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ከዚያ በላይ ባህር ዛፍ ቆሞ፣ ማገር ተመትቶ በጭቃ የተመረገ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ባለ ሁለት ተከፋች ሳንቃ ነው። ባለቤቱ ፊቱን ማደስ ይፈልጋል፤ መልኩ ግን እንዳይጠፋበት።

ግንበኛው፦ በሲሚንቶ ይለሰን ባይ ነኝ። ጭቃ በየዓመቱ ጠጋኝ ይፈልጋል። የክረምቱ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ምርጊቱን ያጥበዋል፤ ጭቃ የሚረግጥ ጉልበት ደግሞ እንደ ድሮው በደቦ አይገኝም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ቁሱ ሩቅ አይደለም። አሠራሩም የታወቀ ነው። የላላው ምርጊት ይራገፋል፤ የዶሮ ሽቦ በምስማር ማገሩ ላይ ይመታል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ተለውሶ መጀመሪያ ይረጫል፣ በማግሥቱ 2 ሳ.ሜ. ይለሰናል፤ ከዚያ 7 ቀን ውኃ ይጠጣል። የቤት መልክ የሚበላሸው በማይሆን ቀለምና ጌጥ ነው እንጂ በልስን አይደለም።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ አሠራሩን አልነካብዎትም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። እንጨትና ጭቃ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል። አብረው ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ በቋሚዎቹ ትይዩ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባውን ዝናብ ጭቃ ቢሆን ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ውኃው ወርዶ የቋሚው እግር ላይ ይተኛል፣ ሽቦው ይዝጋል። ከውጭ ቤቱ ጤነኛ ይመስላል፣ ውስጥ ውስጡን እንጨቱ ይበሰብሳል። በጣትዎ ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው።

ግንበኛው፦ ታዲያ በምን ይለሰን? በኖራ እንዳትይኝ። ይህ አገር ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ሳይጠና ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል። በኅዳር የተለሰነ ኖራ ለባለቤቱ ዕዳ ነው።

መሐንዲሷ፦ ወቅቱ ላይ እውነትዎን ነው፤ ሥራው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሁን። ልስን ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው 30 ሳ.ሜ. ብቻ ከወጣ ወደ 60 ወይም 70 ይርዘም፣ አሸንዳ ይግባለት። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ግቢው ከፍ ብሎ ከሆነ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ይነሳ፤ መሬቱ በሜትር 5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

ድንጋዩ ጨርሶ አይለሰን፤ የቤቱ መልክ እሱ ነው። በመካከሉ የላላው ጭቃ 3 ሳ.ሜ. ያህል ተጭሮ ይውጣ፣ በብሩሽ ይጠረግ፣ ውኃ ይርከፍከፍበት፤ ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ይሞላ። ጥቂት ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ለላይኛው ክፍል ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ይቆይ። መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር፣ አይሆንም፤ ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል። 2 ሳ.ሜ. ይመረግ፣ ሲደርቅ የሚወጣውን ስንጥቅ የሚሸፍን 5 ሚ.ሜ. ቀጭን ድርብ ይከተል፤ በላዩ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ሦስት አራት ጊዜ ይቀባ። ወፍራም አድርጎ አንዴ የቀባ ሰው ቅርፊቱን ሲለቅም ይከርማል። የፕላስቲክ ቀለም ከሲሚንቶው አይለይም፤ እሱም ትንፋሽ ይዘጋል።

ግንበኛው፦ ጣሪያውንና መሬቱን እቀበላለሁ፤ እነሱ ሳይሠሩ በሲሚንቶም ቢለሰን ገንዘብ ማባከን ነው። ነፋስ የሚመታው ጎን ላይ ግን አልሸነፍልሽም። እዚያ የኖራ ቅብ ከክረምት ክረምት አይደርስም። ቢያንስ ያ ፊት አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት ኖራ፣ ዘጠኝ አሸዋ ይሁን።

መሐንዲሷ፦ ለድንጋዩ መካከል ከሆነ ይሁን፤ ለምርጊቱ አይሆንም። ለዚያ ጎን ልስን ከማጠንከር በእንጨት ምሰሶ የቆመ 1.20 ሜትር በረንዳ ቢወጣለት ዝናቡ ግድግዳው ጋር አይደርስም። መስኮቱንም በአሉሚኒየም አይቀይሩት፤ የጥድ ሳንቃ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከታች ነው፤ የተበላው ብቻ ተቆርጦ በጥድ ይቀጠል።

ግንበኛው፦ በረንዳው ወጪ ነው፤ ባለቤቱ ከቻለ ያውጣ፣ ካልቻለ እኔ በተናገርኩት ልክ ይለሰን። ለመስኮቱ ጥድ ግን ከፈረሰ ቤት የወጣ ይፈለግ። እሱ ደርቆ አብቅቷል፤ በእርጥብ ባህር ዛፍ ከተቀጠለ በመጀመሪያው በጋ ተጣሞ አልዘጋ ይላል።