ሐረጎን ወጥቶ በረዶ ላይ መቅረት

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ሞንትሪያል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው በረዶ፣ ሲነጋ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ተቆልሎ ነበር። የመንገድ ጠራጊው መኪናም እንደ ልማዱ አስፋልቱን አጽድቶ፣ የጠረገውን ሁሉ ከግቢዬ መውጫ ላይ እንደ ወሎ እርከን ደርድሮልኝ ሄደ። ደሴና ኮምቦልቻ፣ ሐረጎ በሚባለው ዳገት እየተመላለስኩ መንዳት የተማርኩ ሰው ነኝና «ሐረጎን ለወጣ ይህች ምን ታህላለች?» ብዬ ዝቅ ባለችው ስፖርት መኪናዬ ተንደርድሬ ገባሁበት። የፊት ፓራውልቷ በረዶውን እየገፋ ወደ ሆዷ ሥር ጠቀጠቀው፤ መኪናዋም በሆዷ ተቀመጠችና ጎማዎቿ ክብደቱ ስለለቀቃቸው በባዶ መሽከርከር ያዙ። ኃይሏ ለአራቱም ጎማ እንደሚደርስ ስገዛት በኩራት ተነግሮኝ ነበር፤ መሬት ላልረገጠ ጎማ ግን አንድም ሆነ አራት ያው ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ከፍ ባለች አሮጌ መኪናቸው ክምሩን ጥሰው ሲያልፉ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ሰላምታ ይሁን ስንብት እስካሁን አልገባኝም።

ያናደደኝ ግን በረዶው አይደለም። ያናደደኝ፣ መኪናዋን በነሐሴ ሙቀት ሳዝ ሻጩ የዘረጋልኝ የአማራጮች ዝርዝር ነው። መደበኛው ሞላና አሞርዛተር (የሞላውን መንጠር የሚገታው ዕቃ) አለ፤ ጭማሪ ለከፈለ ደግሞ መኪናዋን 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግና የሚያደድር የስፖርት ዓይነት አለ፤ ልስላሴውን በቁልፍ የሚቀያይሩት በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ አሞርዛተር አለ፤ አፍንጫዋን 40 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያነሳ መሣሪያም አለ። ሻጩ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሲነዱ ምን ዓይነት ስሜት እንዲሰማዎት ይፈልጋሉ?» አድራሻዬ ከፊቱ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔም መኪና ልገዛ ሄጄ ስለ ስሜቴ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ ደስ ብሎኝ ዝቅተኛውን መረጥኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ፣ የታላቅ ወንድሜን ቪትስ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር፤ በየብሬከሩ ሆዷን እየተመታች ማርሚታዋ ሊወልቅ ደርሶ ነበር። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናዋን ገና ሳያዩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «የት የት ነው የምትሄድባት?» አሉኝ። ደሴ የምትወጣው በየቀኑ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ነው ወይስ ኮረኮንች? ስንት ሰው ይሳፈርባታል? ከኋላ እህል ትጫናለች? ባቲስ ትወርዳለች? ለጋብቻ የሚያጠያይቁኝ እስኪመስለኝ ድረስ ሲመረምሩኝ ተሰላቸሁና «ጋሼ፣ ዝም ብለው ከፍ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ የመኪና ከፍታ የሚለካው ስትጫን ነው» ብለው የደከሙትን የኋላ ሞላዎች ቀየሩና ከላያቸው ስፔሰር የሚባል ከፍ ማድረጊያ አስገቡባት።

ያንን ጥያቄ ሞንትሪያል ላይ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። የስፖርት መኪና ሆድ ከመሬት የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ላይ 2 መቀነስ በደረቅ አስፋልት ኩርባ ላይ ያስደስት ይሆናል፣ በረዶ ላይ ግን ሆድን ማረሻ ማድረግ ነው። ደረቅ ሞላም ቢሆን በረዶው ረግቶ በሠራው ቦይና ጉብታ ላይ መኪናዋን እያነጠረ ጎማውን መሬት ያስለቅቀዋል፤ ለሚያንሸራትት መንገድ የሚበጀው ለስላሳው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ደግሞ የአሞርዛተሩ ዘይት ራሱ ስለሚወፍር፣ ጠዋት ላይ መደበኛው እንኳ ደርቆ ይገኛል። አፍንጫ የሚያነሳው መሣሪያ የተሠራው ለብሬከርና ለምድር ቤት ማቆሚያ መግቢያ በመሆኑ ፍጥነት ሲጨምሩ ተመልሶ ይወርዳል፤ የኋላዋንም አይነካም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም።

የክረምት ጎማማ ነበረኝ፤ ክረምት ስል የዚያኛውን እንጂ የደሴውን ጦሳ ተራራ ጉም የሚያለብሰውን የእኛን አይደለም። ኩቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሕግ ግዴታ ነው። ላስቲኩ ብርዱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድም እንዳይደርቅ ሆኖ የተቀመመ ነው፤ ቸርኬውን አንድ ቁጥር አሳንሼ የጎማውን ጎን ስላወፈርኩም ጉድጓድ ላይ ጠቅሞኛል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን እንደነበረ መቆየት ስላለበት፣ ሆዷ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2022 ፖርሽ «911 ዳካር» የምትባል መኪና አወጣ፤ የስፖርት ሞላ ካላት፣ ካሬራ ከምትባለው 911፣ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለች፣ ሲፈለግ ፊትና ኋላዋ ሌላ 30 የሚነሳ፣ ብዛቷም በ2,500 የተወሰነ። ላምቦርጊኒም ሁራካን የተባለችውን ስፖርት መኪናውን 44 ሚሊ ሜትር አንስቶ «ስቴራቶ» የሚል ስም ሰጣት። ይህን ለኮምቦልቻው መካኒክ በስልክ ባጫውታቸው «አምስት ሳንቲ ሜትር ለማንሳት?» ብለው ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

የእኛም ነገር ሙሉ አይደለም። የወንድሜ ቪትስ ከፍ ካለች ወዲህ ኩርባ ላይ ታጋድላለች፤ ጎማዎቿ ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ጋሼ ስለ መንገዱ ያን ያህል ሲመረምሩኝ ጎማውን አላነሱትም፣ ወንድሜም «ገና ይሠራል» ባይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ነው፤ ያንን ሁሉ በጉምና በእርጥብ አስፋልት ስንወርድ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ነበር።

በማርች ወደ መኪና መሸጫው ተመልሼ መደበኛውን ሞላና አሞርዛተር እንዲያስገቡልኝ ጠየቅሁ። ያገኘሁት ሌላ ሻጭ ነበር፤ ያንኑ ዝርዝር ዘርግቶ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ምርጫው እንደማይቀየር በትሕትና አስረዳኝ። ከዚያም ገጹን ገለጥ አድርጎ፣ ከፈለግሁ ግን ተጨማሪ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ በቅናሽ እንዳላቸው ነገረኝ።