ጥር ላይ ብናቅድስ?

ጳጉሜን 3 ቀን ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፊቴ አዲስ አጀንዳ ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የዓመቱ ዕቅዴ» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬ፣ ቁጥር 1ን አስቀምጬ ቀረሁ። ቶናው ሲቀዳም ቁጥር 1 ብቻዋን ናት። የምታፈላው ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና «ፈተና አለብህ እንዴ?» አለችኝ።

ፈተና ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለፈተና ቢያንስ ጥያቄ ይመጣል። የሚገርመው ደግሞ አጀንዳው ራሱ የአምናው ወንድም መሆኑ ነው፤ አምና የገዛሁት ከአራተኛው ገጽ በኋላ ንጹሕ ነው። ዘንድሮ ግን አራት ገጽ የሚሞላ ጉልበት እንኳን አጣሁ። ዕቅድ የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይጨማደዳል።

ለዚህ ሥራዬም ድርሻ አለው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዕቅድ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፣ ለሩብ ዓመት ይከፈላል፣ ከዚያ ለወርና ለሳምንት ይሸነሸናል። ሰኔ ላይ አፈጻጸሙ 97 በመቶ ይሆናል። 97 እንደሚሆን ሁላችንም ሐምሌ ላይ እናውቃለን። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲሞላ የኖረ ሰው ጳጉሜን ላይ ለገዛ ሕይወቱ ሌላ ሠንጠረዥ አዘጋጅ ሲባል እጁ ቢያምፅ አልፈርድበትም። ስንፍና የሚሉት አሉ፤ እኔ ልምድ እለዋለሁ።

ሌላው ነገር ወሩ ነው። መስከረም ለደገኛው የአደይ አበባ ወር ይሁን፤ ጅማ ላይ ግን የዱቤ ወር ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም። የልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ። ቡናው ደግሞ አብዛኛው ገና አረንጓዴ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ያበበ ቡና ስምንት ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው የሚቀላው፤ ዋናው ለቀማ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ነው። የቡና ብር ሲገባ ልብስ ሰፊውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ የጅማ መርካቶ ባለሱቁም ይተነፍሳል። ከዚያ በፊት በባዶ ኪስ፣ በረጠበ ጫማ ተቀምጦ «ዘንድሮ ይህን ያህል እቆጥባለሁ» ብሎ መጻፍ ራስን መቀለጃ ማድረግ ነው።

ታዲያ መስከረም 1 ላይ ምን አጣበቀን? የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ለአዲስ ነገር የሚነሳሳው በዘመን መለወጫ ብቻ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ የሳምንት መጀመሪያ፣ የወር መጀመሪያ፣ ከልደት ማግስት ያለው ጊዜም ያንኑ ያደርጋል። በሌላ አነጋገር «ከዛሬ ጀምሮ» ለማለት የሚያስችል ማንኛውም ቀን ይሠራል። በዚህ በኩል እኛን ማን ያህለናል! መስከረም 1 አለ፣ የበጀቱ ሐምሌ 1 አለ፣ የሂጅራው ሙሐረም አለ፣ የፈረንጆቹ ጃንዋሪም በቴሌቪዥን በኩል ገብቷል። የእኔ ድምፅ ለጥር ነው። ለቀማው ያልቃል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ያውቃል።

ጥርን የመረጥኩት ግን ከአጎቴ የተነሳ ነው። ከአጋሮ ወዲያ ቡና አለው። አምና ጥር ላይ ስሄድ መጋዝ ይዞ ያረጁ የቡና እግሮችን ሲጎነድል ደረስኩ። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበትና እንዳያበሰብሰው ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ምርት አይሰጥም።

«ምነው፣ ፍሬ ይዞ አልነበር?» አልኩት።

«ደክሞታል ልጄ። የደከመን ቡና ዘንድሮ ስንት ትሰጠኛለህ ብለህ አትጨቀጭቀውም።»

ሁሉንም አልቆረጠም። ሩቡን ያህል ብቻ ነው የቆረጠው። ለምን ስለው «ልጆቹ ሁለት ዓመት ምን ይበላሉ?» አለኝ፣ ተማርኩ የምትል አንተ ነህ በሚል ዓይን።

ጳጉሜን ላይ ያ መጋዝ ትዝ ሲለኝ ነው እጄ የተፈታው። ቁጥር 1ን ሰረዝኩና የምተዋቸውን መጻፍ ጀመርኩ። ተመዝግቤ ሁለት ዓመት ያልሄድኩበት የማታ ትምህርት። ከሦስት ኮሚቴ ሁለቱ። «እረዳሃለሁ» ብዬ የምሸሸው የአንድ ወዳጄ ሥራ፤ ይህን ደውዬ ነገርኩት፣ እሱም ሌላ ሰው ካገኘ ቆይቷል። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዕቅድ ሁልጊዜ የሚጨመር ነገር ስለሆነ ነው የምንሸሸው ብዬ አምናለሁ፤ የተሸከመ ሰው ጫን ሲሉት ያጉረመርማል። አራግፍ ቢሉት ግን ይሰማል።

ያለ ግብ ገንዘብ እንዴት ይጠራቀማል የሚል አይጠፋም። እኔ ለዚህ በዕቁብ አምናለሁ። ዕቁብተኛ የሐሙስ ገበያ ሲደርስ ስሜቱ ተነሳሳም አልተነሳሳም ይጥላል፤ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሟላ! እናቴ የቤቷን ቆርቆሮ የለወጠችው በዕቁብ ነው፤ የዓመት ግቧን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም፣ ብትጠየቅም «ኢንሻአላህ» ከማለት አታልፍም ነበር። ለራስ ብቻ የተገባ ቃል ወኔ ይፈልጋል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው የተገባ ቃል ግን ይሉኝታ ይበቃዋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አጎቴ ጋ ደርሼ ነበር። የጎነደላቸው ጉቶዎች ዙሪያቸውን አቆጥቁጠዋል፤ አንዱ ላይ ሰባት ቅርንጫፍ ቆጠርኩ፣ ጉልበቴ ይደርሳሉ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው የሚቀሩት። «አንተ ብትሆን የትኞቹን ታስቀር ነበር?» አለኝ። ረጃጅሞቹን ሁለቱን አሳየሁት። ሳቀና አንዱን ረጅም በጣቱ ይዞ ሰበረው።

«ይኼ ነፋስ ሲመጣ ይገነጠላል» አለኝ፣ ወደሚቀጥለው ጉቶ እየተራመደ።