ለኮሪያ ልጆች ፕላዝማ ሆኜላቸዋለሁ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለትምህርት ቤት ልጆች እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ የሚያመለክት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ፓስፖርቱን ነው። የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ በዋናነት የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። እኔ ካናዳዊ ዜግነት ስላለኝ አፌን በእንግሊዝኛ የፈታሁ ሆኜ ተመዝግቤአለሁ። አፌን የፈታሁት ደሴ ነው። የእንግሊዝኛን ሰዋስው በጠመኔ እየበለቱ ያስተማሩኝ መምህር ዛሬም እዚያው ደሴ አሉ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት እዚህ ቢመጡ ሰሌዳ እንኳ አያስነኳቸውም። እንጀራዬ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

የማስተምርበት ከተማ ቹንቾን ይባላል። በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ ያለው እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሐውልቱ ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ካናዳዊ ነኝ ስላቸው ይስቃሉ። ኢትዮጵያ ስል ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ወደ መታሰቢያው አቅጣጫ ይቀስራል። ሰነዱ ላይ የተጻፈውን የሚያምነው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ልጆቹ እንደ አገራችን ልጆች "ቲቸር" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ ይህም እኛ ዘንድ ያለ ነው። የምሳውን ነገር እንዳላነሣ፤ ትምህርት ቤቱ ያበላቸዋል፣ እኔም አብሬ እበላለሁ። በአንድ ክፍል ሃያ ምናምን ልጅ ነው ያለኝ። ስድሳና ሰባ ሆነን በአንድ ዴስክ አራት እየተጣበብን ለተማርን ሰዎች ይህ ክፍል ሳይሆን የቤተ ዘመድ ጉባኤ ይመስላል። ከጎኔ አንዲት ኮሪያዊት መምህርት ትቆማለች፤ ሥራዋ እኔ የተናገርሁትን ልጆቹ ሳያስቡበት በፊት በኮሪያኛ መንገር ነው። ተይ እንዳልላት ያለ እርስዋ ክፍሉን ዝም ማሰኘት አልችልም።

ከተማሪዎቼ መካከል እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይገባው አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለ። የራሱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ ላብ ያጠምቀዋል። አንድ ቀን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በበራቸው ሳልፍ ይኸው ልጅ ቆሞ ያስረዳል። ፊቱ ባትሪ፣ ሽቦና ትንንሽ አምፖሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ አምፖል ሲነቀል ሌላው ለምን እንደሚጠፋ፣ ሽቦው በሌላ መንገድ ሲያያዝ ግን ለምን እንደማይጠፋ ለጓደኞቹ ያሳያል። አንዱ ጠየቀው፤ መለሰ። ሌላው ተከራከረው፤ ሽቦውን ነቅሎ አሳየው። ኮሪያኛዬ ለገበያ ብቻ የሚሆን ቢሆንም የሚሆነው ነገር ገባኝ። ኋላ ረዳቴን ብጠይቃት በሳይንስ ከክፍሉ አንደኛ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ በልቤ ሰነፍ ብዬ የመዘገብሁት ልጅ!

ቅናት ያዘኝ። በልጁ አይደለም፤ በሁኔታው ነው። እኔ ይህንኑ ትምህርት የተማርሁት በፕላዝማ ነው። የእኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ መጣልን። መምህራችን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ የተማረ ሰው፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ እንደ ዘበኛ ጎኑ ይቆማል። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እንግሊዝኛውን እንደ ዝናብ ያወርደዋል። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። እኛ ገና ጥያቄው ምን እንደሆነ እየተጠያየቅን እርሱ ፈገግ ብሎ "በጣም ጥሩ፣ ትክክል ነው!" ይለናል። ማን መለሰለት? ማንም! መብራት በጠፋ ቀን ነበር የምንማረው፤ መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ በአማርኛ ሲያስረዳን የወሩ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገለጥልን ነበር። መብራት ይጥፋ ብለን የተሳልን ልጆች ነን።

አሁን እኔ ራሴ ለኮሪያ ልጆች ፕላዝማ ሆኜላቸዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ አወርደዋለሁ፤ የገባው ይገባዋል። ልዩነቱ እኔ ባልገባቸውም ፊዚክስ የሚቀርበት ልጅ አለመኖሩ ነው።

ኮሪያውያን ሌላውን ትምህርት በኮሪያኛ ያደረጉት እንግሊዝኛን ስለናቁት ነው የሚል ካለ ይሳሳታል። በእንግሊዝኛ ያበዱ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ከእኔ ክፍል ወጥተው ሀግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ይሄዳሉ፤ ሴኡል ውስጥ ማስጠኛዎች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በከተማው ደንብ እስከ መከልከል ተደርሷል። በየኅዳሩ በሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍል ሲደርስ ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይነሣም፣ አያርፍም። ለእንግሊዝኛ ሲሉ ሰማዩን ይዘጋሉ! ግን በዚያው ቀን የሒሳቡ፣ የታሪኩና የሳይንሱ ፈተና በኮሪያኛ ነው። እንግሊዝኛ የወደቀ ልጅ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የወደቀው።

የእኛ ልጅስ? እንደ ክልሉ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ፣ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ትናንት በቋንቋው ስለ ሥርና ስለ ቅጠል ሲከራከር የነበረ ልጅ መስከረም ላይ ዲዳ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ስለ ኩረጃ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተባለ። ሁሉም እውነት አለበት። ልጆቹ ጥያቄው ገብቷቸው ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ብዙም አልሰማሁም።

ይህን ለወዳጆቼ ሳነሣ "ኮሪያ አንድ ቋንቋ ነው ያላት፤ እኛ ሰማንያ አለን፤ በየትኛው ልታስተምር ነው?" ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። ነገር ግን መምህሩ አሁንም በልጆቹ ቋንቋ ነው የሚያስረዳው፤ በድብቅ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እየተወው። በግል ትምህርት ቤትማ ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ የሚቀጣበት አለ፤ ወላጅ ለዚያ ቅጣት በየወሩ ይከፍላል! እህቴን ጨምሮ።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን የባዮሎጂ መጽሐፍዋን አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ዕፅዋት ከብርሃን ምግብ ስለሚሠሩበት መንገድ ነው። ገጹን በቃልዋ ወጣችው፤ አንድ ቃል አልሳተችም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም። በአማርኛ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ገባት። እንዲያውም ሌሊት ሲሆንስ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያልጠየቅሁትን። በማግሥቱ ፈተና ስለነበረባት ግን ያስረዳኋትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፌ እንድልክላት ለመነችኝ፤ አጠር አድርጌ፣ ለሽምደዳ እንዲመቻት።