ሲሾም ያልበላው ጀርመናዊ

ባለፈው ሳምንት ከደረጃ ወድቄ የግራ እጄ አብጦ ነበር። ራጅ ተነሳሁ። ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው ተባልኩ። ትልቁን ፖስታ ብብቴ ስር ሸጉጬ በቀጥታ ወደ ጀበና ቡናችን ሄድኩ። የተለመዱት ሰዎች አሉ። ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ የሕክምና ዕቃ እያስመጣ የሚሸጠው ወዳጃችን፣ ቡና የምታፈላው ልጅ።

መምህሩ ፊልሙን ተቀብለው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። አጥንቶቼ ነጭ፣ ሥጋዬ ጭስ መስሏል። እጄ ስላበጠ ቀለበቴ አልወልቅ ብሎ አብሮኝ ተነስቷል፤ ጣቴ አጥንት ላይ ጉብ ብሎ ይታያል።

«የሮንትገን ሚስት እጅ ቁርጥ!» አሉ መምህሩ።

አስመጪው ስሙን ሲሰማ ነቃ አለ። «የማሽኑ ባለቤት ነው?»

መምህሩ ደግሞ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም። ራጅን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጀርመን ተወልዶ ሆላንድ አደገ። ተማሪ ሳለ አንዱ የክፍል ጓደኛው አስተማሪያቸውን በሥዕል ያሾፍበታል። ሮንትገንን ማን እንደሳለው ተናገር ቢሉት እምቢ አለ። አባረሩት። የትምህርት ቤት ማጠናቀቂያ ወረቀት ሳይዝ ቀረ። የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ያለዚያ ወረቀት ተቀብላው በፈረንጆቹ 1869 ዶክትሬቱን ያዘ። ያም ሆኖ ጀርመን ያለው የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያቺ ወረቀት የለህምና ማስተማር አትችልም አለው። ኋላ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው፣ በ1894 ደግሞ ሬክተሩ፣ ማለትም የበላይ ኃላፊው፣ አደረገው። እዚህ ላይ መምህሩ ፈገግ ብለው ሲኒያቸውን አነሱ። የሚወዱት ክፍል ነው።

በኖቬምበር 8 ቀን 1895 ምሽት ክፍሉን አጨልሞ፣ አየር የወጣለትን የመስታወት ቱቦ በጥቁር ወረቀት ጥቅልል አድርጎ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ፈንጠር ብሎ የተቀመጠ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ አበራ። መጽሐፍ ጋረደው፤ ያልፋል። እንጨት ጋረደው፤ ያልፋል። እርሳስ የሚባለውን ብረት ቁራጭ ይዞ ሲጋርደው የገዛ ጣቶቹን አጥንት አየ። ሰባት ሳምንት ያህል ለሰው ሳይተነፍስ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ከተመ። ዲሴምበር 22 ላይ ሚስቱን አና ቤርታን አስገብቶ እጇን አነሳት፤ ቀለበቷ እንደኔው ጣቷ ላይ ነበር። ሥዕሉን ስታይ «ሞቴን አየሁ» አለች ይባላል።

ቡና አፍዪዋ አማተበች።

«እሺ፣ ፓተንቱ፣ የፈጠራ መብቱ ማለቴ ነው፣ ስንት አስገኘለት?» አለ አስመጪው።

«አላወጣም።»

«እንዴት አላወጣም?»

«አላወጣማ። ከበርሊን ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ እንስማማ ብሎት ነበር። ግኝቱ የሰው ሁሉ ነው ብሎ መለሳቸው። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። የመኳንንት ማዕረግ ቢሰጡትም አልተቀበለም።»

አስመጪው ጭኑን መታ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! ጋሼ፣ መጨረሻው እንዴት ሆነ?»

መምህሩ አይዋሹም። አንደኛው የዓለም ጦርነት አለፈ፣ የጀርመን ገንዘብ ረከሰ፣ ያጠራቀመው ሁሉ ወረቀት ሆነ። በፌብሩዋሪ 1923 በአንጀት ካንሰር ሞተ።

«አላልኩም? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!»

ሰውዬው ያቺን ተረት ሲናገር ድምፁ ራሱ ይወፍራል። ሌላ ክርክር የለውም። እስቲ ምን ልትለን ነው ቢባል፣ መጀመሪያ «ዕድል ነው የረዳው» አለ። መምህሩ፣ ቱቦውማ ብዙ ሰው ዘንድ ነበር አሉት። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ክሩክስ አጠገቡ የነበሩ የፎቶ ሰሌዳዎች ሲበላሹበት ለፋብሪካው መልሶ ላከ። ሮንትገን ግን ለምን ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ «የሀብታም ልጅ ስለሆነ ነው የሚመጻደቀው» አለ። ይቺስ ትንሽ ነካ አድርጋኛለች። ግን የሀብታም ልጅ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኛም ሰፈር ባየነው ነበር። በሦስተኛው ያው ተረት ተመለሰ፤ ሲሾም ያልበላ።

መቼም ሮንትገን አልበላም እንጂ ሌላው በልቷል። ሎንዶን ውስጥ ጨረር የማያሳልፍ የውስጥ ልብስ በማስታወቂያ ይሸጥ ነበር አሉ መምህሩ። አስመጪው ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ምርጥ ቢዝነስ መስሎት ነው።

እኔ እስከዚህ ዝም ብዬ ነበር። ግን ሰውዬው የሚነግድበት ዕቃ ምንጩ ይኸው እንደ ሞኝ የቆጠረው ሰው ነው። ፓተንት ስላላወጣ ነው ወሬው በጃንዋሪ 1896 እንደተሰማ በየአገሩ ያለ ሐኪም ቱቦ ገዝቶ የጀመረው። ራጅ የሚለው ቃል ራሱ ጨረር ማለት ነው፤ ከጣልያኖቹ የወረስነው። ደግሞ ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በማርች 1896 የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ሜይ ላይ ኔፕልስ ከተማ አንድ የጣልያን ወታደራዊ ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ ጥይት በራጅ ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ነው ይባላል። ግኝቱ ከታወቀ ገና አምስት ወሩ! ሮንትገን ዋጋ ቆርጦ ቁጭ ቢል ኖሮ ይደርሳል?

ይህን ተናግሬ ስጨርስ አስመጪው ምን አለኝ? «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ሲሾም ያልበላ...»

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ድሮ ይቺ ተረት ስትነገር ሰው ይስቅባት ነበር፤ ሹም ትነካካ ነበርና። ዛሬ መመሪያ ሆናለች። ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ በኪራይ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ለቅሶ ቤት ሲወራበት ሰምታችኋል? «ምስኪን፣ አልገባውም ነበር» ይሉታል። ሚስቱ ሳትቀር። የጎረቤት ልጅ በነፃ የሚያስጠና አስተማሪ ፋራ ነው። የዋህ የሚለው ቃል ስድብ ሆኗል። ቤት ያሳየ ኮሚሽን፣ ሠራተኛ ያገናኘ ኮሚሽን፣ ስልክ ቁጥር የሰጠ ኮሚሽን። እንዲያውም እኔን ራጅ ተነሳ ያለኝ ሐኪም አንድ ቦታ ብቻ ነበር የጠቆመኝ፤ ሌላ ጋ ብነሳስ ብለው ፊቱ ጠቆረ። ለምን እንደሆነ እዚያ ስደርስ የወረፋውን ርዝመት አይቼ ገባኝ።

መምህሩ ግን አልተናደዱም። ፊልሙን በጥንቃቄ ፖስታው ውስጥ መለሱና ቶናውን ቀጂልን አሉ።

አስመጪው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ለመሆኑ ስንት አስከፈሉህ?»

ነገርኩት።

«ውይ! በልተውሃል። ቀጣይ ጊዜ ለእኔ ደውል፣ የማውቀው ቦታ አለ፤ በእኔ ስም ሂድ። ስሜን መጥራት እንዳትረሳ ታዲያ።»

ካርዱን አውጥቶ፣ አንዱ እጄ ተጎድቶ ሌላው ሲኒ ይዞ ስለነበር፣ ራሱ ፖስታው ውስጥ ጨመረልኝ። አሁንም ከአጥንቴ ጋር ተጣብቆ እዚያው አለ።