የቁመቱ ልክ

በሰኔ መጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ዕድሜው ሰባን የተጠጋ የቨርጂኒያ ሰው፣ «ጦርነት እናያለን» ብሎ ጌቲስበርግ ወደምትባለው የፔንሲልቬኒያ ከተማ ይዞኝ ሄደ። ነገሩ የገባኝ መኪናውን አቁሞ ከኋላው ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ረጅም ጠመንጃና የቆርቆሮ ኮዳ ሲያወጣ ነው። በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሰውዬው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መሰሎቹን ተቀላቅሎ፣ እርሳስ የሌለው ባሩድ እየተኮሰ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመረ። እመሐል ሲደርስ ሞተ። ከሞተ በኋላ ፀሐዩ ቢበዛበት ቆቡን ቀስ አድርጎ ፊቱ ላይ ደፋ። እኛ ተመልካቾቹ በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጠን ቋሊማ በዳቦ እንበላለን፤ አጠገቤ ያለ ሕፃንም «የትኛው ነው የሚያሸንፈው?» እያለ አባቱን ይጨቀጭቃል።

እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። የሰው ደም የፈሰሰበትን ቦታ ጨዋታ ማድረግ ለእኔ ቀብር ላይ እንደመጨፈር ነው። ለነገሩ የዚያን አካባቢ ታሪክ ትንሽ አንብቤ ነበር የሄድሁት። በ1863 (የአሜሪካኑን ዘመን በእነርሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑና የደቡቡ ጦር እዚህ ተጋጥሞ፣ ከሐምሌ 1 እስከ 3 ባሉት ሦስት ቀናት ከሁለቱ ወገን ወደ 51 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ተማርኳል ወይም የገባበት ጠፍቷል። ጦሩ ሲነሣ፣ 2,400 ነዋሪ ላላት ከተማ ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኛ ጥሎላት ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የከብት ጋጣውም ሆስፒታል ሆነ። ሊንከን በዚያው ዓመት ኅዳር መጥቶ ለመካነ መቃብሩ የተናገረው ንግግር 300 ቃል እንኳ አይሞላም። (የእኛ ባለሥልጣን ለ«እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብቻ ከዚያ የበለጠ ይፈጃል።) እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሞቶ መነሣት ምን የሚሉት ቀልድ ነው እያልሁ ስብሰለሰል፣ ሟቹ ለምሳ ተነሥቶ፣ ላቡን እየጠረገ መጥቶ አጠገቤ ዘጭ አለ። ከደረት ኪሱም በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

ወረቀቱ ስለ አያቱ አያት የተጻፈ ነው። ያ ሰው ለደቡቡ ጦር ተሰልፎ፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ተማርኮ፣ ፖይንት ሉክአውት በተባለው የሜሪላንድ እስር ቤት ቆይቶ፣ በሰኔ 1865 ከእንግዲህ መንግሥትን አልወጋም ብሎ ምሎ ተለቋል። መሐላውን የተቀበለው ጸሐፊም እንደ ሥርዓቱ መዝግቦታል፤ ቁመት፣ አምስት ጫማ ከሰባት ኢንች፤ ዓይን፣ ሰማያዊ፤ ጸጉር፣ ቡናማ፤ መልክ፣ ቀላ ያለ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ባልደረባዬ ይህን ያገኘው በዋሽንግተኑ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቆ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የተዋጋው ሀገሪቱን ለሁለት ለመክፈል ነው፤ የተሰለፈለት ወገን ዓላማም ጥቁር እንደ ከብት እየተሸጠ እንዲኖር ነበር። ተሸነፈ። ያሸነፈው መንግሥት ግን የጠላቱን የዓይን ቀለም ጽፎ ይኸው ከ160 ዓመት በላይ ጠብቆለታል። ቋሊማው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1979 ዓ.ም. ከኩታበር ገበያ ታፍሶ ሄደ። ከከረን አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኤርትራ ውስጥ በሚዋጋው የደርግ ጦር፣ ናደው ዕዝ ውስጥ እንዳለ፣ ብርዱ እንደሚከብድ፣ የአያቴ ጉልበት ተሽሏት እንደሆነ የሚጠይቅ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ አጎቴ የተጻፈ አንዲት መስመር የለም፤ ሞተ የሚል የለም፣ ተማረከ የሚል የለም፣ ከዳ የሚል እንኳ የለም። መርዶ ስላልመጣ ሣልስት አልወጣለትም፣ አርባው አልወጣም፣ ተዝካር አልተበላለትም። አያቴ በኖረችበት ዘመን ሁሉ የንስሐ አባቷ ስሙን ከሙታን ጋር ያንሡት ወይስ ከመንገደኞች ጋር እያሉ ሲጠይቋት «ከመንገደኞች» ትላቸው ነበር። እርሷ ራሷ ካረፈች ሃያ ዓመት አለፋት፤ አጎቴ አሁንም መንገደኛ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የዚያ ሁሉ ወታደር ዕጣ ምን እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ፤ ክራንች የያዘ ባለ መለዮ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን ዘረጋ። እዚህ ደግሞ በ2020 አይሪን ትሪፕሌት የተባሉ የሰሜን ካሮላይና አሮጊት እስኪያርፉ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የዚያን የእርስ በርስ ጦርነት ጡረታ በየወሩ 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፍላቸው ነበር። ጦርነቱ ያለቀው በ1865 ነው! አባትየው መጀመሪያ በደቡቡ ወገን ተሰልፈው ኋላ ከድተው ሰሜኑን የተቀላቀሉ ሰው ናቸው፤ ልጅቱን የወለዱት ሰማንያን አልፈው ነው። የከዳውን እንኳ ከነልጁ የሚጦር መንግሥት አለ ለካ ብዬ ለሳምንት ያህል ሥራ ቦታ ይህንኑ ሳወራ ከረምሁ፤ ባልደረቦቼ ሰልችቷቸው ወሬ ቀየሩብኝ።

ሆኖም ሥርዓቱ ከሰማይ የወረደላቸው እንዳይመስላችሁ። በዚያ ጦርነት ቢያንስ 620 ሺህ ወታደር አልቋል፤ ከ700 ሺህ ያልፋል የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ። ሦስት እጅ ቢደረግ ሁለቱ እጅ የሞተው በጥይት ሳይሆን በተቅማጥ፣ በተስቦና በሳምባ በሽታ ነው። ወታደሩ አንገቱ ላይ የሚያስረው መታወቂያ አልነበረውም። መርዶ መንገርም የመንግሥት ግዴታ አልነበረም፤ አብሮ የነበረ ጓደኛ ደብዳቤ ከጻፈ ጻፈ፣ ካልጻፈ እናት እንደ አያቴ በር በሩን እያየች ትኖራለች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሰሜኑ መንግሥት ከ300 ሺህ በላይ የራሱን ወገን ሬሳ ከየማሳው አስቆፍሮ በክብር መካነ መቃብር ሲያሳርፍ ስሙ የታወቀው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ በአንድ ድንጋይ ሥር 2,111 ስም የለሽ ሰዎች አብረው ተቀብረዋል። እኛ ሠርግ ሲኖረን ፎቶ ልንነሣ የምንሄደው እዚያው አካባቢ ነው።

ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው መንግሥት ብቻ አይደለም። ክላራ ባርተን የተባለች ሴት፣ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ስታስታምም የቆየች፣ ዋሽንግተን ሰባተኛ ጎዳና ላይ በተከራየችው ክፍል ውስጥ የጠፉ ወታደሮች ማፈላለጊያ ከፈተች። «ልጄን ያየህ» የሚል ደብዳቤ ከ63 ሺህ በላይ ጎረፈላት። እርሷም የስም ዝርዝር እያሳተመች በየፖስታ ቤቱ አስለጠፈች፤ ያየ እንዲጽፍላት ለመነች፤ በዚህ ዓይነት ከ22 ሺህ በላይ ሰው የደረሰበትን አሳወቀች። ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ቦታውን አየሁት። ሕንፃው ሊፈርስ ሲል በ1996 አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጣሪያው ሥር ገብቶ ወረቀቶቿንና «ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል 9» የሚል የቆርቆሮ ማስታወቂያዋን ባያገኝ ኖሮ ያ ክፍል ተረስቶ ይቀር ነበር። ደረጃውን ስወጣ እናቴን አሰብኋት። እንዲህ ያለ ክፍል በደሴ ቢኖር ደረጃውን በጉልበቷም ቢሆን ትወጣው ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ማናሳስን የማያውቅ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ የለም፤ ቤት ረከስ ይላል ብለን ወደዚያ የሄድን ብዙዎች ነን። የዚያ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ የተካሄደው እዚያ ነው፤ በሐምሌ 21 ቀን 1861። ከዋሽንግተን 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ እሑድ የከተማው ሰዎች፣ የምክር ቤት አባላት ጭምር፣ ጋሪ ተከራይተው፣ የምግብ ቅርጫት ይዘው፣ መነጽራቸውን አንጠልጥለው ጦርነቱን ሊያዩ ወጡ፤ በአንድ ቀን ያልቃል ብለው ነዋ። ማታ የተሸነፈው ጦር ሲፈረጥጥ ተመልካቹም ቅርጫቱን ጥሎ አብሮ ፈረጠጠ፤ አንድ የምክር ቤት አባል ተማረከ። በዚያው ቀን ኮረብታው ላይ በነበረች ቤት ውስጥ ጁዲት ሄንሪ የምትባል፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናት፣ ከአልጋ መነሣት የማትችል ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን በመታው መድፍ ተገደለች። መቃብሯ ዛሬም ከቤቱ ጥግ አለ።

ይህን ያነበብሁ ጊዜ «ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው» አልሁ። ከዚያ ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበርንበት ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ከሥራ ወጥተን፣ ቡና ቤት ተሰብስበን፣ ስልካችንን ጠረጴዛው ላይ አቁመን፣ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ጦርነት እናይ ነበር። አንዱ «ተደመሰሱ!» ብሎ ሲጮህ ሌላው ክትፎ ያዝዛል። በሌላው ጎዳና ባለው ቡና ቤት ደግሞ የወዲያኛው ወገን ሰዎች ተሰብስበው «ተደመሰሱ» ይላሉ፤ የሚባለው ስለ እኛ ነው። እኔ ራሴ ጠረጴዛ መትቻለሁ። ዋሽንግተኖቹ ቢያንስ ጥይቱ ሲቀርባቸው ሮጡ፤ እኛን የሚያስሮጥ ምንም አልነበረም፤ ሒሳብ ከፍለን ወደ ቤት ነው የምንሄደው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ የአፍሪካ ኅብረቱ አሸማጋይ ኦባሳንጆ የሞተው ሰው እስከ 600 ሺህ ሊደርስ ይችላል ብለው ተናገሩ። አሜሪካኖቹ አራት ዓመት ሙሉ ተዋግተው ያለቀባቸውን የሚያህል ቁጥር በሁለት ዓመት! ቁጥሩን የሚያርመውም የሚያጸናውም የስም ዝርዝር ግን በአደባባይ አላየሁም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ለወደቁ ተዋጊዎች ቤተሰብ መርዶ በይፋ ተነግሮ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጧል። ምስሉን ሳይ፣ ያን ጊዜ ጠረጴዛ የመታሁባቸው ሰዎች እናቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲያለቅሱ ሳይ፣ ያለ ሐሰት ቀናሁ። በሌላው ወገን ለወደቀው ወታደር፣ ለልዩ ኃይሉ፣ ለአማራውና ለአፋሩ ሚሊሺያ እናት እንዲህ ያለ ቀን ሲቆረጥ አልሰማሁም።

አሜሪካኖቹን ሳመሰግን ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ታክሲ በምነዳበት ዘመን በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዋሽንግተን ጎዳና ዳር ካለች ማደያ ነዳጅ እቀዳ ነበር። ለካስ ከጎማዬ ሥር መቃብር ኖሯል! በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት አምልጠው በሰሜኑ ጦር ወደተያዘችው ከተማ ከገቡት ጥቁሮች ወደ 1,800 የሚጠጉት፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ የተቀበሩት እዚያ ነው፤ በ1950ዎቹ ማደያ ተሠራበት። ከተማው ኋላ ማደያውን አፍርሶ በ2014 መታሰቢያ አቆመለት። ስማቸው ግን ከመጀመሪያውም አንድ ቄስ በያዙት መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሁን በነሐስ ተቀርጾ ይነበባል። መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር የተቀበሩ ጥቁር ወታደሮችም ነበሩ፤ በሆስፒታል የተኙ 443 ጓደኞቻቸው «እንደ ወታደር ተዋግተናል፣ እንደ ወታደር እንቀበር» ብለው በታኅሣሥ 1864 ፈርመው ወደ ወታደሩ መቃብር አዛውረዋቸዋል። ቁስለኛ ሆኖ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ የሞተ ጓደኛ ስላረፈበት ቦታ ፊርማ ማሰባሰብ!

እኔም ፊርማ ባይሆን ማመልከቻ ጻፍሁ። ባለፈው ዓመት ሀገር ቤት ስገባ እናቴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ልጅ ትሑት ነው፤ «እማማ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጣት። ከዚያ የአጎቴን ፋይል ለመፈለግ የሞት ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነገረን። የሞት ምስክር ወረቀት እንዲሰጠን ደግሞ መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዚያው ከፋይሉ መውጣት አለበት። ሦስት ቀን ተመላለስን፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ለሥልጠና ሄዶ ነበር። ውጭ ሀገር ኖሬ የተማርሁት ትዕግሥት ሁሉ እዚያ ኮሪደር ላይ አለቀ። እናቴ ግን «ተወው ልጄ፣ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው» እያለች እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ማታ ለባልደረባዬ ወረቀት የተሰማኝን ቅናት ሳጫውታት «ቁመቱንም ጽፈውለታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኋት። ተነሥታ ወደ አሮጌው ቤት ወሰደችኝና በበሩ መቃን ላይ ያለች አንዲት የእንጨት ጉጥ በመዳፏ ነካች፤ «እዚህ ድረስ ነበር» አለች። ሜትር አምጥቼ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከ71። በስልኬ ላይ ስጽፍ ቆማ አየችኝ።

«በባዶ እግሩ ነው እንግዲህ» አለች፤ «ሲወስዱት ግን ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር። እሱንም ጻፈው።»