ይድረስ ለክቡር አቶ አፕዴት፣ የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አዳሽ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ መምጣትዎን እንዲተዉ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? መቼም ደህና ነዎት። ትናንት ማታ ደሴ፣ እኔ ቤት ነበሩ። የዳታ ጥቅሌን እስከ መጨረሻዋ ጠጥተው ነው የሄዱት።

በእኛ በወሎ ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል። የእርስዎን ትልቅነት ደግሞ በጊጋ ነው ያወቅሁት። ባለፈው 1 ጊጋ ሆነው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚባለው ጌም ከነሙዚቃው፣ ከነዔሊዎቹ 40 ኪሎባይት ነው። እርስዎ የተንሰራፉበት ቦታ 25,000 ማሪዮ ያስተናግድ ነበር። እኔ ያየሁት ለውጥ? ማዕዘን የነበረው ቁልፍ ጠርዙ ክብ ሆኗል። አምሮበታል፣ አልዋሽም።

ሌላ ምን እንደሠሩ ላጣራ ብዬ ማስታወሻዎን አነበብኩ። «ልዩ ልዩ ማስተካከያዎችና የአፈጻጸም ማሻሻያዎች ተደርገዋል» ይላል። አቶ አፕዴት፣ ቀበሌ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?

ደግሞ ያቺ ማስጠንቀቂያዎ አለች። «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይሉኛል። እኔ መቼ አጠፋሁ? እኛ ሰፈር የሚያጠፋው ሌላ ነው፣ ሲያጠፋም አያስጠነቅቅም። 87 ፐርሰንት ላይ ሲደርሱ ጭልም ይላል። መብራቱ ሲመለስ እርስዎ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ እኔም ከዜሮ እጀምራለሁ።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። የመጡብኝ በጌሜ ነው።

ማታ ማታ ብቻዬን አንድ ትንሽ ጌም እሠራለሁ። አይሱዙ ጭነው ከደሴ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሀረጎ ላይ ጉም አለ። በከባድ ማርሽ ካልወረዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አለቀልዎት። ከጀርባ በባቲ ቅኝት የተቃኘች የክራር ዜማ አለች፤ ፍጥነት ሲጨምሩ እሷም ትፈጥናለች። ጉሙን እንዲያ ከጦሳ ላይ ተንሸራቶ እንደሚወርደው ለማስመሰል ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው።

እርስዎ ከች አሉ። ጌሜ የሚጠቀምባትን አንዲት ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፋት ዝግጁ ኮድ ናት) ከ2.4.1 ወደ 2.4.2 ወሰዷት። በሙያችን ደንብ የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ከተቀየረች «ትንሽ ስህተት አርሜያለሁ፣ የቆየውን አልነካሁም» ማለት ነው። የመሃለኛዋ ከተቀየረች «አዲስ ነገር ጨምሬያለሁ» ነው። የመጀመሪያዋ ከተቀየረች «ቻለው» ነው። እርስዎ የትንሿን ልብስ ለብሰው ገብተው የትልቋን ሥራ ሠሩ። ጌሙን ስከፍተው የሀረጎ ጉም ደማቅ ሮዝ ሆኗል! ለማያውቅ፦ ጌም መሥሪያው ሞተር የቀለም ፕሮግራሙ ሲበላሽበት ያቺን ሮዝ ይቀባና «እኔ አልቻልኩም» ይላል። ጌም አሳየኝ ብሎ የመጣው የአክስቴ ልጅ ትኩር ብሎ አየና «የሠርግ መኪና ነው?» አለኝ።

በእኔ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ምን እንደሠሩ ዓለም ያውቃል። የጥበቃ ሶፍትዌር ነኝ ብለው ገብተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን «ተበላሽቻለሁ» የሚለውን ሰማያዊ ስክሪን አስታቀፏቸው። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተጨነቁ። ቀን አመራረጥዎም ይገርማል። ዕለቱ አርብ፣ ጁምዓ፤ ቀኑ ሚካኤል። ወሎ ቢሆኑ ኖሮ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ቀን ያዝንብዎት ነበር።

ቀዳዳ እንደሚደፍኑ አልክድም። ሌባ ከመግባቱ በፊት የሚዘጉት በር አለ፣ ለሱ እግዜር ይስጥልን። ግን በሩን ሲዘጉ ሶፋውን ማዞር ለምን አስፈለገ?

ከዘመድዎ ቢማሩ ጥሩ ነው። ስታርዱ ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ነው የሠራው። ኮዱን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ወሬውን ሁሉ ብቻውን፣ አራት ዓመት ከምናምን ፈጅቶበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። በ2024፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ 1.6 የሚባል አፕዴት መጣለት። በነፃ! ሰው ቀን እየቆጠረ ጠበቀው። እርስዎን ቀን ቆጥሮ የጠበቀ ሰው ያውቃሉ?

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሲመጡ ሁለት ቁልፍ ነው የሚያቀርቡልኝ፦ «አሁን» እና «ዛሬ ማታ»። እምቢ የሚል የለም። እኛ ዘንድ ለልጅ ጋብቻ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ «እስቲ እንመካከር፣ ሌላ ቀን ኑ» ይባላል። ሽማግሌውም ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ማታ በመስኮት ገብቶ ሙሽራዋን ሬስታርት አያደርግም።

እናቴማ ወሎዬ ናት። «እሺ» የሚል ቁልፍ ካየች አለመንካት ነውር ይመስላታል። አንድ ጊዜ እሺ ብላዎት፣ በነጋታው ስልኳ ጠራ። እንደለመደችው በጣቷ ወደ ላይ ገፋች። እምቢ። እርስዎ ሌሊቱን ስልክ የሚነሳው ወደ ጎን ነው ብለው ወስነዋል። እንደገና ገፋች። በመጨረሻ ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ «አቤት! ኧረ አቤት! ማነው?» እያለች ጮኸችበት። ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ዘጋ። እሷ ግን እስካሁን የምትወቅሰው እርስዎን አይደለም፤ ደዋዩን ነው፣ «ምነው ቢመልስልኝ» እያለች።

ስለዚህ አንድ «እምቢ» የሚል ቁልፍ እንዲጨምሩልን በትህትና እጠይቃለሁ። ጠርዙ ክብ ቢሆንም ግድ የለኝም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለ«በኋላ አስታውሰኝ» ቁልፍ፣ ለቆየ ውለታው
ለእናቴ (አደራ እማዬ፣ ይሄን ደብዳቤ ስትከፍቺ «እሺ» የሚል ነገር ከመጣ እንዳትነኪው)