ፍለተር ወይስ ሪአክት ኔቲቭ? እኔስ ደከመኝ

ኧረ ግራ ገባኝ ጎበዝ! ለአንድ ቡና ነጋዴ የስልክ መተግበሪያ ልሠራ ብዬ መሥሪያውን መምረጥ አቃተኝ። አንዱ «ፍለተር ያዝ» ይለኛል፤ ለሱ ደግሞ ዳርት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሀ ሁ ልጀምር ነው። ሌላው «ጃቫስክሪፕት እየቻልክ? ሪአክት ኔቲቭ ነዋ!» ይላል። በየትኛውም ብሄድ የአንድሮይድ ኤስዲኬን (የመተግበሪያ መሥሪያ ጥቅሉን) ማውረድ አይቀርልኝም። ትናንት ማታ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ፓኬጅ ገዝቼ ሳወርድ 97 በመቶ ላይ መብራት እልም! የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብሮ ድርግም። ጠዋት እንደገና ከዜሮ።

በዚያ ላይ አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለው የመተግበሪያ መሥሪያ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል፤ የኔዋ 4 ናት። ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተር ላይ እንደ ስልክ የሚሠራውን) ትቼ ስክሪኑ በተሰነጠቀው ስልኬ ነው የምሞክረው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ መተግበሪያውን ያዘዘኝ ቡና ነጋዴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለአይፎንም ይሁንልኝ።» የአይፎን መተግበሪያ መሥሪያው ኤክስኮድ ደግሞ ያለ ማክ ኮምፒውተር አይሠራ! ማኩን ከየት ላምጣ፣ ከጆንያው ውስጥ?